«ወረዱ»፣ «ተሻሩ»፣ «ለቀቁ»፦ ከሥልጣን መውጫው ስንት ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው እስራኤል ነው። ለማኅበራችን መጽሔት የቀድሞውን የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር የይስሐቅ ሻሚርን አጭር የሕይወት ታሪክ በአማርኛ ጻፍኩ። አርታዒዋ ይህን አንቀጽ በቀይ አስምራ መለሰችልኝ፦ «በ1947 ከአስመራ እስር ቤት ተለቀቁ። በ1980 የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሆኑ። በ1983 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው በ1984 ከሥልጣን ወረዱ። በ1986 እንደገና ተመረጡ። በ1990 ተሻሩ፤ ግን ተመለሱ። በ1992 ሥልጣን ለቀቁ።» ዓመቶቹን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ልክ ናቸው። ታዲያ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ዓመቶቹስ ልክ ናቸው፤ ጉድ የሠሩዎ ግሦቹ ናቸው። በአማርኛ የሥልጣን ግሥ ድርጊቱን ብቻ ሳይሆን አድራጊውንም አብሮ ይናገራል። ግሡ ሲሳት ያልተደረገ ነገር ተደረገ ይባላል።

ከ«ወረዱ» እንጀምር። ይህ የዙፋን ግሥ ነው። ዙፋን ከፍ ያለ ነውና ይወጡበታል፣ ይወርዱበታል። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ከዙፋናቸው ወረዱ ስንል፣ አውራጁን ባንጠራውም እጁ ይታየናል። ሰልፈኛም የሚጮኸው «ይውረድ!» ብሎ ነው፤ «ያስረክብ!» ሲል ተሰምቶ አያውቅም። በ1984 እ.ኤ.አ. ግን ሻሚርን ያወረዳቸው የለም። በዚያ ዓመት ሐምሌ በተደረገው ምርጫ ከ120ው የክነሴት (የእስራኤል ምክር ቤት) መቀመጫ በሺሞን ፔሬስ የሚመራው የሠራተኛ ፓርቲ ጥምረት 44፣ የሻሚር ፓርቲ ሊኩድ 41 አገኙ። አንዱም ብቻውን መንግሥት ማቆም ስላቃተው ወንበሩን በተራ ሊቀመጡበት ተስማሙ፤ መጀመሪያ ፔሬስ ለ25 ወር፣ ቀጥሎ ሻሚር። ስለዚህ ሻሚር ወንበሩን ለፔሬስ «አስረከቡ»፣ በጥቅምት 1986 መልሰው «ተረከቡ»። ርክክብ ሁለት ወገን የተስማማበት ነገር ነው፤ ቁልፍ ሰጪና ቁልፍ ተቀባይ አለው።

ደግሞም «ከሥልጣን» የሚለው ራሱ ልክ አይደለም። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሻሚር ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። የለቀቁት አንድ ወንበር ነው፤ ሥልጣን ላይማ ነበሩ።

እግረ መንገዴን፣ እስራኤል ያሉ አማርኛ ተናጋሪዎች ይህን ስምምነት ከዕብራይስጡ «ሮታጽያ» ይሉታል። «ፈረቃ» የሚሉም አሉ። ስሕተት አይባልም፤ ግን ፈረቃ የፋብሪካና የውኃ ቧንቧ ሽታ አለው። «በተራ ለመምራት ተስማሙ» ቢሉ ይበቃል።

«በ1986 እንደገና ተመረጡ» የሚለው ደግሞ ያልነበረ ምርጫ ይፈጥራል። በ1986 እስራኤል ውስጥ ጠቅላላ ምርጫ አልተካሄደም። «ተመረጡ» የሚያምረው በ1983 ነው፤ መራጩ ከተጠራ። የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ምናኼም ቤጊን «ከዚህ በላይ አልችልም» ብለው ሥልጣን ሲለቁ፣ የሊኩድ ዋና አካል የነበረው የሄሩት ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ከዴቪድ ሌቪ ይልቅ ሻሚርን መረጠ። እዚህ «ለቀቁ» የሚለው ግሥ በቤጊን ላይ ልክ እንደ ልኩ ይቀመጣል፤ የያዘውን በራሱ እጅ የተወ ሰው ነው የሚለቅ። ያው ግሥ በ1992 ላይ ሲመጣ ግን ያሳስታል። በሰኔው ምርጫ የሠራተኛ ፓርቲ 44፣ ሊኩድ 32 መቀመጫ አገኙ፤ ሻሚር «ተሸነፉ»፣ በሐምሌ ለይስሐቅ ራቢን «አስረከቡ»። «ለቀቁ» ማለት ከፈለጉ ለሊኩድ መሪነት ያቆዩት፤ እሱን ከሽንፈቱ በኋላ ለቀዋል፤ በ1993 ቤንያሚን ኔታንያሁ ተኳቸው።

አሁን ወደ 1990፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። «ሻረ» የ«ሾመ» ጥንድ ነው። የሚሽረው የሾመው ነው፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረትም የሚያየው ከላይ የተሾመን ሹም ነው። መጋቢት 1990 ላይ የተሻረ ሰው ከተፈለገ ፔሬስ ናቸው፤ የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ፣ ሻሚር ሻሯቸው። የፓርቲያቸው ሚኒስትሮችም ተከትለው «ለቀቁ»። ሁለት ቀን ቆይቶ ክነሴት ድምፅ ሲሰጥ 60 ለ55 ሆነ፤ መንግሥቱም በዚያው ወደቀ። ይህን «ክነሴት ለሻሚር መንግሥት የመተማመኛ ድምፅ ነፈገ፤ መንግሥቱ ወደቀ» ብለው ይጻፉት። የወደቀው መንግሥቱ እንጂ ሰውየው አይደሉም፦ ፔሬስ አዲስ መንግሥት ለማቆም ሞክረው ሳይሳካላቸው ሲቀር፣ ሻሚር በሰኔ 1990 ጠባብ የቀኝ ጥምረት አቆሙ፤ እስከዚያው ከቢሯቸው አልወጡም። «ግን ተመለሱ» የሚለውም በዚህ ይሰረዛል፤ ያልሄደ አይመለስምና።

በእነዚያ ሦስት ወራት የነበረውን መንግሥት ዕብራይስጡ ቃል በቃል «የሽግግር መንግሥት» ይለዋል። በአማርኛ እንዳለ አይውሰዱት። ለእኛ የሽግግር መንግሥት ማለት ደርግ ከወደቀ በኋላ የመጣው ነው፤ አንባቢ አብዮት የተነሣ ይመስለዋል። «ባላደራ መንግሥት» ይበሉ።

የቀሩት ሁለቱ አጭር ናቸው። «ሚኒስትር» ሰው ነው፣ «ሚኒስቴር» መሥሪያ ቤት። ሻሚር በ1980 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ሰው መሥሪያ ቤት አይሆንም። ከአስመራ እስር ቤትም «አልተለቀቁም»። እስረኛን የሚለቅ ጠባቂው ነው። እንግሊዞች ያሰሩትን የሌሒ (ይወጋቸው የነበረ ኅቡዕ የአይሁድ ቡድን) መሪ መቼ ለቀቁት? በጥር 1947 ከአራት የኢርጉን (ሌላው ኅቡዕ ቡድን) አባላት ጋር ዋሻ ቆፍረው ወጡ፤ በነዳጅ ጫኝ መኪና ተደብቀው ጅቡቲ ገቡ። ግሡ «አመለጡ» ነው።

አርታዒዋ ያላሰመረችበትን አንድ ነገር ልጨምር። በጽሑፍዎ ዓመቶቹ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆኑ አልተነገረም። የሻሚር ታሪክ ላይ ይህ ተራ ቸልታ አይደለም፤ ምክንያቱም 1983 ሁለት ጊዜ ይመጣል። ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት በ1983 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ መስከረም 1976። ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል የተጓጓዙበት የሰሎሞን ዘመቻም በእሳቸው ዘመን ነው፤ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም፣ በአውሮፓው 1991። ዘመቻውን ከወላጆቹ «በሰማንያ ሦስት» ሲባል የሰማ ወጣት ጽሑፍዎን ቢያነብ፣ ሻሚር በተሾሙ በወራቸው አውሮፕላን የላኩ ይመስለዋል። በአንቀጹ መጀመሪያ «ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው» ይበሉ፤ ግንቦት 1983 ላይ ብቻ «ዓ.ም» ብለው ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስቀምጡ።