ቀዩ ኮከብ ለምን ደበዘዘ?

ጥያቄ፦ በ2012 ዓ.ም. በጋ፣ ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ የሚገኘው ቀዩ ኮከብ ቢትልጁስ ደብዝዟልና ሊፈነዳ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር። እስካሁን ግን እንዳለ አለ። ታዲያ ያን ጊዜ ምን ሆኖ ነው? (አንባቢያችሁ ከደሴ)

መልስ፦ ኮከቡ በእርግጥ ደብዝዞ ነበር። በየካቲት 2012 መጀመሪያ ድምቀቱ ከወትሮው ወደ ሲሶ ገደማ ወርዶ፣ ሌላ ጊዜ እርሱ በድምቀት በግልጽ ከሚበልጠው ከጎረቤቱ ኮከብ ከቤላትሪክስ እምብዛም የማይለይ ሆኖ ነበር፤ ይህንንም ያለ መሣሪያ ማየት ይቻል ነበር። መዋዠቁ በራሱ አዲስ አይደለም፤ ቢትልጁስ በ400 ቀናት ገደማ አንዴ እያበጠና እየሟሸሸ ይኖራል። ያን ያህል መውረዱ ነው ያስገረመው።

ምድጃ ላይ የሚንተከተክ ሽሮ ያስቡ። የፀሐይ ገጽ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ትንንሽ አረፋዎች ሲፈላ፣ የቢትልጁስ ገጽ የሚፈላው ግን በጥቂት፣ እጅግ ግዙፍ በሆኑ አረፋዎች ነው። ኮከቡ በፀሐይ ቦታ ቢቀመጥ መሬትንና ማርስን እስከመዋጥ የሚደርስ ስለሆነ፣ ከማዕከሉ በራቀው ገጹ ላይ ያለው ስበት ደካማ ነው፤ ሽሮው ከድስቱ እንደሚፈናጠቅ ሁሉ ጋዙም በቀላሉ ያመልጣል። ሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ በ2012 መስከረምና ኅዳር መካከል ትኩስ ጋዝ ወደ ውጭ ሲገሰግስ አይቷል። ይህ ጋዝ ርቆ ሲቀዘቅዝ ወደ ብናኝ ተለወጠና ኮከቡን በከፊል ጋረደው፤ ቺሊ ካለው ግዙፍ ቴሌስኮፕ የተነሡት ምስሎችም የደቡብ ጎኑን ጠቁሮ ያሳያሉ። እስከ ሚያዝያ ድምቀቱ ተመለሰ።

ዜናው ፍንዳታውን ብቻ ማራገቡ ያስቆጫል፤ ትልቁ ነገር ኮከቡ ራሱን እየገፈፈ መሆኑ ነውና። በዓመት የሚያጣው የፀሐይን መጠነ ቁስ አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ነው፤ ኢምንት ይመስላል እንጂ በሦስት ዓመት ገደማ አንድ መሬት የሚያህል ቁስ ነው። ፍንዳታውም አይቀርለትም፤ ነገር ግን የሚጠበቀው በሚቀጥሉት 100,000 ዓመታት ውስጥ በመሆኑ አሁን የሚያሰጋ አይደለም።

በየካቲት አጋማሽ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ወደ አናትዎ ቀና ይበሉ። በአንድ መስመር ከተደረደሩት ሦስት ከዋክብት ወዲያ ቀላ ብሎ የሚታየው እርሱ ነው። ከቤላትሪክስ የማይለይ ሆኖ ካገኙት ይጻፉልን።