የመመለሻውን አስቀድሙ፦ ለገና ወደ አገር ቤት ለሚጓዙ ጥያቄና መልስ

ዛሬ እሑድ ዲሴምበር 26፣ 2021 ነው። ለገና 12 ቀን ቀርቶታል። ኦሚክሮን የሚባለው የኮቪድ ዝርያ ስም ከወጣለት ገና አንድ ወሩ ነው። በዚህ አንድ ወር ውስጥ ግን የጉዞ ሕጉ ስንት ጊዜ ተገለባበጠ! "እንሂድ ወይስ እንቅር?" የሚለው ጥያቄ ከየአገሩ ይመጣልኛል።

ሜሪላንድ ውስጥ በጉዞ ወኪልነት ስሠራ 11 ዓመቴ ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ ጠበቃም አይደለሁም። የቲኬቱንና የወረቀቱን ነገር ግን በየቀኑ አየዋለሁ። የላካችሁልኝን ጥያቄ እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እህቴ፣ ጃንዋሪ 2 ጠዋት ከዋሽንግተን ዳለስ ኤርፖርት እንነሳለን። ምርመራውን መቼ እናድርግ?

ኢትዮጵያ የምትጠይቀው የፒሲአር (በላብራቶሪ የሚሠራው ምርመራ) ውጤት ነው። ራፒዱ፣ ማለትም ፈጣኑ ምርመራ፣ አይሠራም። ከተመረመራችሁ ከ120 ሰዓት በላይ ማለፍ የለበትም፤ የሚቆጠረውም አዲስ አበባ እስከምትደርሱበት ሰዓት ነው። በረራው 13 ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ የሰዓት ልዩነቱ ደግሞ 8 ነው። ስለዚህ ጃንዋሪ 3 ጠዋት ትገባላችሁ። ዲሴምበር 30 ጠዋት ብትመረመሩ በቂ ጊዜ ይተርፋችኋል። ቀጠሮውን ግን ዛሬውኑ ያዙ። ሰልፉ አሁን ብሎክ ይዞራል፣ ፋርማሲዎችም ውጤት ያዘገያሉ።

መሄዱ ቀላል ነው። ሰው የሚቸገረው ሲመለስ ነው። ከዲሴምበር 6 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚበር ማንኛውም ሰው፣ ዜጋም ይሁን የተከተበ፣ ዕድሜው 2 ዓመት ከሞላ ከበረራው በፊት ባለው አንድ ቀን ውስጥ መመርመር አለበት። ቀድሞ የተከተበ ሰው 3 ቀን ነበረው። ለመመለሻው ራፒድ አንቲጅንም ይቀበላሉ።

ከአሌክሳንድሪያ፦ "አንድ ቀን" ማለት 24 ሰዓት ነው?

አይደለም። የሚቆጠረው ቀኑ ነው። በረራዎ ዓርብ ጃንዋሪ 14 ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ቢሆን፣ ሐሙስ በማንኛውም ሰዓት መመርመር ይችላሉ። ሐሙስ ገና በጠዋቱ ቢሆንም ችግር የለውም።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። በእኛ አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው። "ዓርብ ሌሊት 7 ሰዓት ነው የምበረው" እንላለን። ቲኬቱ ላይ ግን ያ ሰዓት ቅዳሜ ነው። በረራዬ ዓርብ ነው ብሎ ሐሙስ የተመረመረ ሰው ካውንተር ላይ ይመለሳል። ስለዚህ ከአፋችሁ ሳይሆን ከቲኬቱ ላይ ቁጠሩ።

ከአትላንታ፦ የምርመራው ወረቀት ላይ ምን ምን መኖር አለበት?

ስም፣ የልደት ቀን ወይም የፓስፖርት ቁጥር፣ የምርመራው ዓይነት፣ ናሙናው የተወሰደበት ቀን፣ ውጤቱና ያወጣው ተቋም። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ግን ማንም አያነበውም።

ባለፈው ኦገስት እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመለስ የሆነውን ልንገራችሁ። ላብራቶሪው የፓስፖርት ቁጥሯን አንድ አሃዝ ስቶ ጻፈው። ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2013 አለው። እሷ ወረቀቱን በፖስታው እንደታሸገ ቦሌ ይዛ ሄደች። የካውንተሯ ልጅ ወረቀቱን ከፓስፖርቱ ጎን አድርጋ በጣቷ አንድ በአንድ ቁጥሩን ስትከተል ቆየችና ጣቷ መሃል ላይ ቆመ። "እማማ፣ ይሄ አይሄድም" አለቻት። ወንድሜ ያንን ወረቀት ይዞ በሌሊት ወደ ከተማ በረረ። ካውንተሩ ሊዘጋ 40 ደቂቃ ሲቀረው የተስተካከለውን ይዞ ደረሰ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ወረቀቱን እዚያው ላብራቶሪው በር ላይ ቆማችሁ ከፓስፖርታችሁ ጋር አመሳክሩ። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍላችሁ።

ከዳላስ ቴክሳስ፦ እዚያ ፖዘቲቭ ብሆንስ?

ሁሉም ሰው ከመነሳቱ በፊት ይህን ቢጠይቀኝ ደስ ይለኝ ነበር። ፖዘቲቭ ከሆኑ አይበሩም። ዜጋ መሆን አያስመልጥም። 10 ቀን ከሰው ተለይተው ይቀመጣሉ።

እንግዲህ የት ነው የሚቀመጡት? ያረፉበት ቤት አያትዎ ካሉ እዚያ መሆን አይቻልም። ከመሄድዎ በፊት ከዘመድ ጋር ተነጋግረው አንድ ክፍል ያዘጋጁ፣ ወይም የሆቴል ገንዘብ ለብቻው ይያዙ። ለአለቃዎ "ሁለት ሳምንት ልዘገይ እችላለሁ" ብለው አሁኑኑ ይንገሩ። የግፊትም ሆነ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የሁለት ሳምንት ትርፍ በእጅ ሻንጣዎ ይያዙ። ቲኬቱም ያለ ቅጣት ቀን የሚቀየር ይሁን።

ከዳኑ በኋላ ደግሞ በፒሲአር ደጋግመው አይመርመሩ። ሰው ድኖም ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊያሳየው ይችላል። በ90 ቀን ውስጥ የወጣ የፖዘቲቭ ውጤትና "ድኗል፣ መጓዝ ይችላል" የሚል የሐኪም ደብዳቤ አንድ ላይ ከያዙ ያለ አዲስ ምርመራ ይሳፈራሉ። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

አንድ ልመና አለኝ። ሰው በኮቪድ የሚያዘው ብዙ ጊዜ በመሸኛው ሰሞን ነው። የመጨረሻዎቹን ሦስት አራት ቀናት በየቤቱ ቡናና ራት እየተጠራን፣ እየተቃቀፍን እናሳልፋለን። መሸኛውን ከበረራው አንድ ሳምንት በፊት አድርጉት። ዘመድ ቅር ይለው ይሆናል፣ አስረዱት። ከዚያ በኋላ ቤት ተቀመጡ።

ከዴንቨር፦ የቤት ውስጥ መመርመሪያ ይዤ ብሄድስ?

ይቻላል፤ ግን ፋርማሲ የሚሸጠው ተራው አይደለም። ባይናክስናው የሚባለው መመርመሪያ በቪዲዮ ባለሙያ እያየ የሚደረግና የውጤት ማስረጃ የሚሰጥ ዓይነት አለው፤ የሚሠራው እሱ ነው። ኢንተርኔት ሊቆራረጥ ስለሚችል ከላብራቶሪ ጋር በተጨማሪ እንጂ በምትኩ አይያዙት። ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት ስለማይወድ መኪና ውስጥ አይተዉት።

ከላስ ቬጋስ፦ በዱባይ በኩል ርካሽ ቲኬት አገኘሁ።

ይቅርብዎ። ዱባይ ያለችበት አገር፣ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስ፣ ከትናንት ዲሴምበር 25 ጀምሮ ከኢትዮጵያ የሚነሱ መንገደኞች እንዳይገቡ አግዳለች። ያስታወቀችው ከሁለት ቀን በፊት ብቻ ነው። እስከ መቼ እንደሚቆይ አልተነገረም። በዚህ ወቅት በመካከል አገር በጨመሩ ቁጥር የሚቀየር ሕግ ይጨምራሉ። መቶ ሁለት መቶ ዶላር ቢበልጥም ቀጥታውን ይውሰዱ።

ከአዲስ አበባ፦ ልጄ ሜኒሶታ ናት፤ ልትወልድ ነው። እኔና ባለቤቴ የቱሪስት ቪዛ አለን። እሱ አስትራዜኒካ ሁለቴ ተከትቧል፤ እኔ አልተከተብኩም።

እንኳን ለዚህ አበቃዎት፣ እናቴ። ባለቤትዎ ሁለተኛውን ከወሰዱ 14 ቀን ካለፋቸው ችግር የለባቸውም። ሕንድ የተመረተው ኮቪሺልድም ይቆጠራል፣ ሲኖፋርምም እንደዚያው። እርስዎ ግን ሳይከተቡ አይሳፈሩም። ከኖቬምበር 8 ጀምሮ በጊዜያዊ ቪዛ የሚገባ አዋቂ ሁሉ ሙሉ በሙሉ መከተብ ግዴታው ነው። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ካገኙ እሱን ይውሰዱ። አንድ ጊዜ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ መብረር ይችላሉ።

"ኢትዮጵያውያን ነፃ ናቸው" የሚለውን ወሬ አይስሙ። ኢትዮጵያ ክትባት እጥረት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ገብታለች፤ ያ ግን ለተማሪና ለመሳሰሉት ቪዛዎች እንጂ ለቱሪስት ቪዛ አይሠራም። የክትባት ካርዱ ላይም ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ያስጽፉ።

ከሲያትል፦ አሜሪካ በደቡብ አፍሪካ ላይ እንዳደረገችው በኢትዮጵያም ላይ ብትዘጋ?

እገዳው በስምንት የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች ላይ ነበር፤ ዲሴምበር 31 እንደሚነሳ ዓርብ ዕለት ተነግሯል። ያኔም ቢሆን ዜጎችና ግሪን ካርድ ያላቸው ይገቡ ነበር። የሚያሰጋው በጊዜያዊ ቪዛ ያለውን ሰው ነው።

ከነታንያ፦ ከእስራኤልስ?

በጣም ከባድ ነው። ኢትዮጵያ ቀይ ዝርዝር ውስጥ ናት። የእስራኤል ዜጋ ወደ ቀይ አገር ለመብረር ከልዩ ኮሚቴ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ፈቃዱ በእጅዎ ሳይገባ ቲኬት አይቁረጡ።

ከሂውስተን፦ ቢጫ ካርድ ያስፈልጋል ይባላል። የትኛው?

ሁለቱ ተምታተውብዎታል። አንዱ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው፤ ካለዎት ቪዛ አያስፈልግዎትም። ሌላው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ከአሜሪካ በቀጥታ ለሚገባ ሰው አይጠየቅም።

ከቦስተን፦ ኢንሹራንስ ልግዛ? ስለ ጸጥታውስ ምን ትያለሽ?

ይግዙ፣ ግን ያንብቡት። ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን) በጥቅሉ ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም፤ ለአረጋውያን ይህ ትልቅ ነገር ነው። የኮቪድ ሕክምናንና ተጨማሪ የሆቴል ቀናትን የሚሸፍን ይምረጡ። "ፈራሁና ቀረሁ" ቢሉ ተራው ውል አይከፍልዎትም። በማንኛውም ምክንያት መሰረዝ የሚፈቅደው ውል ውድ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 75 በመቶ ብቻ ይመልሳል።

ስለ ጸጥታው፣ የአሜሪካ መንግሥት ኖቬምበር ላይ ዜጎቹ ከኢትዮጵያ እንዲወጡ መክሯል፣ ኤምባሲውም ሠራተኛ ቀንሷል። የኢትዮጵያ መንግሥት ደግሞ ዳያስፖራው ለገና እንዲመጣ ጠርቷል። ሂዱ ወይም ቅሩ አልልም። ብዙ የኢንሹራንስ ውሎች ግን በጦርነት ለደረሰ ነገር እንደማይከፍሉ አውቃችሁ ወስኑ።

ከኮሎምበስ፦ አባቴ ትናንት ማታ ዐረፈ። ነገ መነሳት አለብኝ። ምርመራ የለኝም።

እግዚአብሔር ያጽናዎት። የአባትዎን ነፍስ ይማር።

በዕለቱ ውጤት የሚሰጡ የግል ላብራቶሪዎች አሉ፤ ውድ ናቸው። አሁኑኑ ቤተሰብ አጠገብዎ ካለ ስልኩን ለእሱ ይስጡት፤ እሱ ይደውል። ናሙና ከመስጠትዎ በፊት "ይሄ ፒሲአር ነው ወይ?" ተብሎ ይጠየቅ፤ ሌላ ዓይነት ፈጣን ምርመራ ሰጥተው የሚልኩ አሉ። ውጤቱን ሁለት ቦታ ያትሙት፤ ስልክ ላይ ብቻ አይተማመኑ። ቲኬቱ ቀን የሚቀየር ይሁን፣ ውጤቱ ቢዘገይ በማግስቱ ይነሳሉ።

ስለ መመለሻው አሁን አያስቡ። ከሠልስቱ በኋላ የቲኬቱን ፎቶ ይላኩልኝ፤ የምርመራውን ቀን እኔ ቆጥሬ እነግርዎታለሁ።