ጅራቱ ወዴት ነው? የአማካይና የሚዲያን ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው «አማካይ ሲነገራችሁ ቶሎ አትመኑ» ብዬ ጽፌ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የተወሰኑትን ዛሬ እመልሳለሁ። ለረሳ ሰው ላስታውስ፦ አማካይ ሁሉን ደምሮ ለብዛቱ ማካፈል ነው። ሚዲያን ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ አሰልፎ መሀል የቆመውን ማንሳት ነው። ሂስቶግራም ደግሞ ቁጥሮቹ የት የት እንደተከማቹ በዓምድ ቁመት የሚያሳይ ሥዕል ነው።

ጥያቄ፦ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሄጄ «የሠራተኞቻችን አማካይ ደመወዝ 20,000 ብር ነው» አሉኝ። እዚያ የምትሠራ ጓደኛዬ ግን ከአለቃው በቀር ከ14,000 በላይ የሚያገኝ ሰው አላውቅም ትላለች። ዋሽተውኝ ነው? (ሥራ ፈላጊ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ላይዋሹሽ ይችላሉ። ብልጥ ግን ናቸው። ዘጠኝ ሰው ያለበት ቢሮ አስቢ። የስምንቱ ደመወዝ በሺህ ብር 8፣ 9፣ 9፣ 10፣ 10፣ 11፣ 12፣ 14 ነው። ዘጠነኛው ሥራ አስኪያጁ ሲሆን 97 ሺህ ይወስዳል። ድምሩ 180 ሺህ፣ ለዘጠኝ ሲካፈል 20 ሺህ። ሒሳቡ ልክ ነው። ግን 20 ሺህ የሚያገኝ አንድም ሰው የለም፤ ስምንቱ ከዚያ በታች ናቸው። አሰልፈሽ አምስተኛውን ብታነሺ 10 ሺህ ታገኛለሽ። ሚዲያኑ እሱ ነው።

ሂስቶግራሙን ብትስዪው ግራ በኩል ዓምዶቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተዋል። ከዚያ ረጅም ባዶ ሜዳ። ከዚያ ቀኝ ጥግ ላይ አንድ ብቸኛ ዓምድ። ጅራቱ ወደ ቀኝ ነው እንላለን። አማካይ አብዛኛውን ጊዜ ጅራቱ ወደሚሄድበት ይጎተታል። ሚዲያን ግን ሥራ አስኪያጁ 97 ሺህም ያግኝ 970 ሺህ ንቅንቅ አይልም። የገቢና የቤት ዋጋ ነገር ሲነሳ ሚዲያን የሚመረጠው ለዚህ ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮም የቤተሰብ ገቢ ሲያወጣ የሚያስቀድመው ሚዲያኑን ነው፤ የ2023ቱ 80,610 ዶላር ነበር። አንቺ ግን ሁለቱንም ተዪና «ለዚህ መደብ ስንት ትከፍላላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ እንጀራ ጋግሬ ለሱቆች አስረክባለሁ። ልጄ የወሩን ሽያጭ በሂስቶግራም ሠርታ «ጅራቱ ወደ ቀኝ ስለሆነ ሚዲያኑን ተጠቀሚ» አለችኝ። ሚዲያኑ በቀን 200 ነው። በዚያ ሒሳብ ጤፍ ገዝቼ ወሩ ሳያልቅ አለቀብኝ። (እናት፣ ከኮተቤ)

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወደድኩት። ልጅዎ ትምህርቷን በደንብ ይዛለች፤ የዘለለችው የእርስዎን ጥያቄ ነው። «በአዘቦት ቀን ስንት እሸጣለሁ?» ቢሉ ኖሮ 200 ጥሩ መልስ ነበር። እርስዎ የፈለጉት ግን የወሩን ድምር ነው።

ለቀላልነት 26ቱን ቀን 200፣ አራቱን ቀን ደግሞ ድግስ ስላለ 500 ሸጡ እንበል። የወሩ ድምር 7,200 እንጀራ ነው። በሚዲያኑ ካሰሉ 200 በ30፣ ማለትም 6,000 ይመጣል። የ1,200 እንጀራ ጤፍ ጎደለ ማለት ነው። አማካዩ 240 ነው፤ በ30 ሲባዛ 7,200ን ራሱን ይመልሳል። ሚዲያን ይህን ሥራ አይችልም። እነዚያ አራት የድግስ ቀናት በሥዕሉ ላይ ጅራት ቢመስሉም ጤፉን የሚበሉት እነሱ ናቸው። ለግዢ፣ ለበጀት፣ ለዕድር መዋጮ፣ ድምር ለሚፈልግ ነገር ሁሉ ጅራቱ የቱንም ያህል ቢረዝም አማካዩን ይያዙ። እኔም አንድ ጊዜ በዘመድ ሠርግ ላይ ሥጋውን «ሰው በተለምዶ ይህን ያህል ይበላል» ብዬ አስልቼ ጉድ ሆኛለሁ። አጎቶቼን ረስቼ ነበር።

ጥያቄ፦ የ40 ተማሪዎቼ ውጤት ጅራቱ ወደ ግራ ነው። አብዛኞቹ ከ75 በላይ አምጥተዋል። አምስቱ ዜሮ ናቸው። የክፍሉ አማካይ 71.75 ወጣ። ርዕሰ መምህሩ ዝቅ አለ ብለው ቅር ተሰኝተዋል። (መምህር፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ዜሮዎቹ ተፈትነው ነው ወይስ ቀርተው? ቀርተው ከሆነ ዜሮው ውጤት አይደለም፣ የመቅረት ምልክት ነው። ለይተህ «5 ተማሪ አልተፈተነም» በል። የ35ቱ አማካይ 82 ይሆናል። ተፈትነው ዜሮ ካመጡ ግን ሚዲያኑን አውጥተህ እነሱን መደበቅ ተገቢ አይመስለኝም። ሚዲያኑን ጻፍ፣ አጠገቡ ደግሞ አምስቱን ልጆች ጻፍ።

ጥያቄ፦ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። የታካሚዎቻችን ዕድሜ ሁለት ጉብታ አለው፤ አንዱ ከ5 ዓመት በታች፣ ሌላው ከ60 በላይ። የቱን ልጠቀም?

መልስ፦ አንዳቸውንም። አማካዩ 30ዎቹ ውስጥ ቢወድቅ ማንም የማይመጣበት ዕድሜ ነው። ሁለት ጉብታ ማለት ብዙ ጊዜ ሁለት ሕዝብ በአንድ ወረቀት ላይ ተቀላቅሏል ማለት ነው። ሕፃናቱን ለብቻ፣ አዛውንቱን ለብቻ ሥሪ።

ጥያቄ፦ አባቴ ካንሰር ተገኘበት። ሐኪሙ ስለ በሽታው «ሚዲያኑ ይህን ያህል ወር ነው» አለን። ቤቱ ሁሉ ያን ወር እየቆጠረ ነው። (ልጁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድላችሁ። ስለ አባትህ እኔ የምለው የለም። ስለ ቁጥሩ ግን ልንገርህ።

በ1982 ስቲቨን ጄይ ጉልድ የተባለ የሃርቫርድ ሳይንቲስት በ40 ዓመቱ ሜሶቴሊዮማ የሚባል ካንሰር ተገኘበት። ስለ በሽታው ሲያነብ ሚዲያኑ 8 ወር ነው ይላል። መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ ሥራው ከእንዲህ ያለ ቁጥር ጋር ነበርና ሥዕሉን አሰበ። ሚዲያን 8 ወር ማለት ግማሹ ሰው ከዚያ በፊት ሞተ፣ ግማሹ ከዚያ በላይ ኖረ ማለት ነው። በግራ በኩል ዜሮ አለ፤ ከዜሮ በታች መሄድ አይቻልም። በቀኝ በኩል ግን አጥር የለም። ስለዚህ ጅራቱ ወደ ቀኝ ይረዝማል። ወጣት ነኝ፣ በጊዜ ተደርሶብኛል፣ ጥሩ ሕክምና አለኝ፣ ጅራቱ ላይ የማልሆንበት ምክንያት የለም አለ። ሀያ ዓመት ኖረ። በ2002 ያረፈው በሌላ ካንሰር ነው።

ሐኪሞች ሚዲያን የሚወዱበት ሌላም ምክንያት አለ። አማካይ ለማውጣት የመጨረሻው ሰው እስኪሞት መጠበቅ ያስፈልጋል። ሚዲያኑ ግን ግማሹ ካለፈ ይታወቃል። ስለዚህ የተነገራችሁ ወር መሀል ላይ የቆመ ሰው እንጂ ለአባትህ የተቆረጠ ቀን አይደለም። ሐኪሙን «የሥዕሉ ጅራት እስከ የት ይሄዳል? እንደ አባቴ ያለ ዕድሜና ደረጃ ያላቸው የት ይወድቃሉ?» ብለህ ጠይቀው።

ጥያቄ፦ አማካዩና ሚዲያኑ እኩል ከሆኑ ግራና ቀኙ ተመሳሳይ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። 1፣ 4፣ 5፣ 7፣ 8ን ውሰድ። አማካዩም ሚዲያኑም 5 ነው። ግራና ቀኙ ግን አይመሳሰልም። ሥዕሉን ሳታይ አትፍረድ።

ጥያቄ፦ በኤክሴል የዓምዱን ስፋት ስቀይር ቅርጹም ይቀየራል። የቀበሌያችን ሰዎች ዕድሜ በ10 ዓመት ዓምድ ለስላሳ ነው፤ በ1 ዓመት ዓምድ ግን እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። የቱን ልመን?

መልስ፦ ሁለት ሦስት ስፋት ሞክር፤ በሁሉም የማይጠፋውን ቅርጽ እመን። ጅራቱ በሁሉም ወደ ቀኝ ከሆነ እውነትም ወደ ቀኝ ነው። ጥርሶቹን ግን ልብ ብለህ እይ፤ 30፣ 35፣ 40፣ 45 ላይ አይደሉም? የልደት ቀኑን የማያውቅ ሰው ሲጠየቅ ወደ ክብ ቁጥር ያስጠጋል። መጋዙ የሚያሳይህ ዕድሜያቸውን ሳይሆን «አርባ ግድም በለው» የሚለውን መልሳቸውን ነው።