ለክትባት ያልሆነው ለምርመራ ሲሆን

በዓሣ ጤና ማስተርስሽን ልትጀምሪ ነው። አማካሪሽ ሁለት ርዕስ ሰጥቶሻል፤ አንዱ ለክትባት የሚሆን የባክቴሪያ አንቲጅን (የዓሣው መከላከያ እንደ ባዕድ የሚለየውን የባክቴሪያ ክፍል) መፈለግ፣ ሌላው በአንቲጅን በሽታን መለየት። ልብሽ ወደ ክትባቱ አድልቷል። ግን "ሁለት ዓመት ለፍቼ አንቲጅኑ ዓሦቹን ባያድንስ? ባዶ እጄን ልቀር ነው?" ትያለሽ። አባትሽ ደግሞ ሕክምና ግቢ እያሉ ይጎተጉቱሻል። ሂሳብም ትፈሪያለሽ።

እኔን ያስነሳኝ "ባዶ እጄን" ያልሽው ነው።

ፒ57 የሚባል ፕሮቲን አለ። ሳልሞንና ትራውትን ኩላሊታቸውን የሚያጠቃው ሬኒባክቴሪየም ሳልሞኒናረም የተባለ ባክቴሪያ ያመርተዋል። ገላውን ይሸፍንበታል፣ ወደ ውጭም በብዛት ይለቀዋል። ስታዪው ለክትባት የተፈጠረ ይመስላል። ግን ፕሮቲኑ ራሱ የዓሣውን የመከላከል አቅም ያዳክማል። እሱን ይዞ ክትባት ልሥራ ያለ ሰው የሚጠብቀውን ገምቺ።

ያው መብዛቱ ግን ለምርመራ ወርቅ ነው። ከኩላሊት በተወሰደ ናሙና በኢላይዛ (ፕሮቲኑን በፀረ-አካል ይዞ በቀለም በሚያሳይ የላብ ምርመራ) ይለካል። በሽታው በእንቁላል በኩል ከእናት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ፣ ለእርባታ የተያዙ እናቶች ይመረመራሉ። ብዙ ፒ57 የተገኘባት እናት እንቁላሏ ይወገዳል። አንድ መርፌ ሳይወጋ በቀጣዩ ትውልድ በሽታው ይቀንሳል። ይሄ ባዶ እጅ ነው?

ክትባትን እያጣጣልኩ አይደለም። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1987 ለእርባታ ዓሦቿ ወደ 50 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ተጠቅማለች። ፍሩንኩሎሲስ የተባለውን የሳልሞን የባክቴሪያ በሽታ የሚከላከለው፣ ዘይት የተቀላቀለበት የመርፌ ክትባት ከመጣ በኋላ ያ ቁጥር ቁልቁል ወረደ፤ የዓሣ ምርቷ ደግሞ በብዙ እጥፍ አደገ። ግን ልብ በይ፤ መርፌው ውስጥ የነበረው አንድ የተመረጠ ፕሮቲን ሳይሆን የተገደለ ሙሉ ባክቴሪያ ነው። ስለዚህ ከአንቲጅኑ ስም በፊት ባክቴሪያው እንዴት አደገ የሚለው ይቀድማል።

ይህን የተማርኩት ጉድ ሆኜ ነው። የፍሩንኩሎሲሱን ባክቴሪያ፣ ኤሮሞናስ ሳልሞኒሲዳን፣ ቶሎ ይድረስልኝ ብዬ ኢንኩቤተሩን 30 ዲግሪ ላይ አደረግሁት። ባክቴሪያው የቀዝቃዛ ውኃ ልጅ ነው። አደገልኝ፤ ደስ አለኝ፤ ደጋግሜ ከሳህን ወደ ሳህን አሸጋገርኩት። በኋላ ኩማሲ የሚባል ሰማያዊ ቀለም ያለበት አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄል) ላይ ስዘራው፣ ሰማያዊ መሆን የነበረባቸው ኮሎኒዎች (የባክቴሪያ ክምችቶች) ነጭ ሆነው ጠበቁኝ። ቀለሙን የሚይዘው ኤ-ሌየር የሚሉት የፕሮቲን ካባው ነው። ሙቀቱ ካባ የሌላቸውን አበዛልኝ። እኔ የምፈልገው ደግሞ ካባውን ነበር። የስድስት ሳምንት ሥራዬ በእንፋሎት ባክቴሪያ የሚገድለው ኦቶክሌቭ ውስጥ ገብቶ ተወገደ። ከዚያ ወደ ምርመራ ላብ ተዛወርኩ፤ እዚያው ቀረሁ። ምክሬ ከየት እንደመጣ እንድታውቂው ብዬ ነው።

ስለዚህ የምርመራውን ርዕስ ያዢ እልሻለሁ። ለክትባት ሙከራ ገንዳ ያስፈልግሻል፤ ዓሦችን ሆን ብሎ ለበሽታ ለማጋለጥ ፈቃድ ያስፈልግሻል፤ ውኃው ከቀዘቀዘ ዓሣው የመከላከል አቅም እስኪያበጅ ሳምንታት ትጠብቂያለሽ። አንዱ ገንዳ ላይ የኦክስጅን ፓምፕ ቢቆም ሙከራሽ በአፍጢሙ ይደፋል፤ የመመረቂያ ቀንሽም አብሮ። ምርመራ ግን በረዶ ቤት ከተቀመጠ ኩላሊት ይጀመራል። "አይሠራም" የሚል ውጤት እንኳ ይጻፋል፤ የትኛው ባክቴሪያ ከየትኛው ጋር ተምታታ የሚለው ራሱ ግኝት ነው።

ደግሞ ባክቴሪያውን ራስሽ አሳድጊው። የተዘጋጀ ፕሮቲን በትንሽ ቱቦ ሰጥተው "በዚህ ሥሪ" ካሉሽ ሁለቱንም ርዕስ ተዪ። ገና የመጀመሪያውን ኮሎኒ እንዳገኘሽ ከላዩ ቀንሰሽ በረዶ ቤት አስቀምጪ። እኔ ያንን ብሠራ ኖሮ ስድስት ሳምንት አላለቅስም ነበር።

አባትሽ "ማን ይቀጥርሻል" ማለታቸው ተገቢ ጥያቄ ነው። ሕክምና ግቢ ማለታቸው ግን መልሱ አይደለም፤ ያለ ፍላጎት የተገባበት ሕክምና ብዙ ዓመት ይበላል፣ ሲሰለችሽ ደግሞ ሌሊት ተረኛ የምትሆኚው አንቺ ነሽ። ኢላይዛ በእጁ የሚሠራ ሰው በዓሣም፣ በከብትም፣ በሰውም ላብ ውስጥ ወንበር አለው። እንደዚያ ንገሪያቸው።

ሂሳቡ? የኢላይዛ ስታንዳርድ ከርቭ ነው፤ መጠናቸው ከታወቀ ናሙናዎች የሚሠራ ማነጻጸሪያ መስመር። በሁለት ሳምንት ትለምጂዋለሽ።

አማካሪሽን ሰኞ አግኚውና ሁለት ነገር ጠይቂው፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ ስንት የኩላሊት ናሙና አለ? የኢላይዛውን ኪት ማን ይገዛል? የሁለተኛውን መልስ በጽሑፍ ተቀበዪው።