ሁዋን ሶቶ ማይነር ሊጉን እንዴት ቶሎ አለፈው? ጥያቄና መልስ

የቤዝቦል ጥያቄ ካላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው ስለ ዶሚኒካኑ የቤዝቦል ተጫዋች ሁዋን ሶቶ ሆነ። እኔም ደስ ብሎኛል። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።)

ጥያቄ፦ ማይነር ሊግ እንደ እግር ኳሱ ታችኛው ዲቪዚዮን ነው?

አይደለም። ማይነር ሊግ ለሜጀር ሊግ (ለከፍተኛው የአሜሪካ ቤዝቦል) ተጫዋች የሚዘጋጅበት ነው። በእግር ኳስ ቡድን አሸንፎ ወደ ላይ ያድጋል። እዚህ ቡድኑ ባለበት ይቀራል፤ የሚያድገው ተጫዋቹ ነው። ከ30ዎቹ የሜጀር ሊግ ክለቦች እያንዳንዱ ከሥሩ የራሱ ቡድኖች አሉት፦ ከጀማሪዎቹ ተነስቶ ሲንግል ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ እያለ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ሶቶ በድራፍት ነው የገባው?

የለም። ድራፍቱ (ክለቦች አዲስ ተጫዋች በየተራ የሚመርጡበት) ለዶሚኒካን ልጆች አይደለም። እነሱ 16 ዓመት ሲሆናቸው ከክለብ ጋር ይፈራረማሉ። የሳንቶ ዶሚንጎውን (የዶሚኒካን ዋና ከተማ) ልጅ ሶቶን የዋሽንግተን ናሽናልስ ክለብ በ2015 በ1.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ በ19 ዓመቱ እንዴት ሜጀር ሊግ ደረሰ? ሌላው ስንት ዓመት ይለፋ የለ?

ነገሩ እዚህ ጋ ነው። 2017 የከሰረ ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ፤ ቀጥሎ እጁን ተጎዳ። ዓመቱን ሙሉ የተጫወተው 32 ጨዋታ ብቻ ነው። በ2018 ሜሪላንድ ውስጥ ሄገርስታውን ላይ 16 ጨዋታ፣ ዉድብሪጅ ቨርጂኒያ 15 (ሁለቱም ሲንግል ኤ)፣ ሃሪስበርግ ፔንሲልቬንያ (ደብል ኤ) 8 ተጫወተ። በእነዚህ 39 ጨዋታዎች 14 ሆም ረን (አብዛኛውን ጊዜ ከሜዳው አጥር በላይ የሚያልፍ ምት) መታ። ትሪፕል ኤን ጭራሽ አልረገጠም። ዉድብሪጅ አካባቢ የምትኖሩ ሐበሾች፣ ያን ጊዜ በርካሽ ትኬት ልታዩት ትችሉ ነበር!

ግን ዕድልም አለበት። ከእሱ በፊት የማደግ ተራው የነበረው ሌላው የናሽናልስ ወጣት ቪክቶር ሮብልስ ክርኑን ተጎድቶ ነበር። ሜይ 19 ደግሞ የናሽናልሱ ተጫዋች የሃዊ ኬንድሪክ የተረከዝ ጅማት ተበጠሰ። ሶቶ በማግስቱ ወደ ናሽናልስ ተጠራ። ሜይ 21 መጀመሪያ በተሰለፈበት ጨዋታ፣ የመጀመሪያዋን ኳስ ሆም ረን አደረጋት።

ጥያቄ፦ ከሌሎች ወጣቶች በምን ይለያል?

በዓይኑ። ወጣት መቺ የመጣለትን ኳስ ሁሉ ማሳደድ ይወዳል። ሶቶ ግን መጥፎዋን ኳስ (ከመምቻው ክልል ውጭ የተወረወረችውን) ዝም ብሎ ያሳልፋታል። አራት መጥፎ ኳስ ካለፈ በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ (ማረፊያ) ይሄዳል። በ2018 ብቻ 79 ጊዜ እንዲህ ሄዷል። ለእኔ ከ22 ሆም ረኖቹ ይልቅ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ሜጀር ሊግ ሳይገባ ሆም ረን መታ የሚባለው ቀልድ ነው?

ቀልድ የሚመስል እውነት ነው። በ2018 ሜይ 15 ናሽናልስ ከኒው ዮርክ ያንኪስ ጋር የጀመረው ጨዋታ በዝናብ ተቋረጠና ጁን 18 ቀጠለ። ሶቶ ተቀይሮ ገብቶ ሆም ረን መታ። መዝገቡ ግን ጨዋታውን በተጀመረበት ቀን ነው የሚይዘው። በዚያ ቀን ልጁ ገና ሃሪስበርግ ነበር።

ጥያቄ፦ የማይነር ሊግ ደመወዝ ያኖራል?

እምብዛም። ከ2023ቱ ስምምነት በኋላ እንኳ በዚያው ዓመት በደብል ኤ ዝቅተኛው የዓመት ክፍያ 30,250 ዶላር ነበር።

ጥያቄ፦ ልጄ 10 ዓመቱ ነው። ሁልጊዜ አውትፊልድ (ከመቺው የራቀው የሜዳ ክፍል) ያቆሙታል። ደካማ ነው ብለው ይሆን?

እህቴ፣ አልዋሽሽም፤ በዚያ ዕድሜ ኳስ እዚያ ድረስ ብዙ ስለማትደርስ አሠልጣኞች ጀማሪውን ወደዚያ ይልካሉ። ከፍ ሲሉ ግን ሩጫና ጠንካራ ክንድ የሚጠይቅ ቦታ ነው። አውትፊልድ የሚጫወተው ሶቶም ቢሆን ስሙን ያገኘው በመምታት እንጂ ኳስ በመያዝ አይደለም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ውሰጂውና ኳስ ወርውሪለት።