«ነፃ ነው ከተባለ ንግግሩ ለምን ዘገየ?»

ጥያቄ፦ ልጄን የወለድኩት ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው። በእርግዝናዬም ሆነ ከወለድኩ በኋላ ቫይረሱ በደም ምርመራ የማይታይ ነበር። በ15 ወሩ ጡት አስጣልኩት፤ በ18 ወሩ ተመርምሮ ነፃ ነው ተባልኩ። አሁን 20 ወር ሆኖታል። ሮጦ አይጠግብም፣ የሚላቸው ቃላት ግን ከአራት አይበልጡም። «መድኃኒቱ ነው አንጎሉን የነካው» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህታችን፣ መጀመሪያ የምርመራውን ነገር እንጨርስ። የእናት ፀረ እንግዳ አካላት (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርታቸው፣ ተራው ምርመራም የሚፈልጋቸው) በሕፃኑ ደም ውስጥ እስከ 18 ወር ሊቆዩ ስለሚችሉ ከዚያ በፊት የሚደረገው ተራ የደም ምርመራ ሊያሳስት ይችላል። የልጅሽ ምርመራ ግን 18 ወር ሞልቶት፣ ጡት ከጣለም ሦስት ወር ቆይቶ የተደረገ ነው። መልሱ የመጨረሻ ነው፤ ቫይረሱ የለበትም።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ፣ እናት ምንም መድኃኒት ካልወሰደች ቫይረሱ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ወደ ልጁ የመተላለፉ ዕድል ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው። አንጎልን በብርቱ የሚጎዳው ደግሞ ቫይረሱ ራሱ ነው፤ በተያዘ ሕፃን አንጎል ውስጥ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊገባ ይችላል። አንቺ መድኃኒትሽን ሳታቋርጪ በመውሰድሽ ልጅሽን ከዚህ አድነሽዋል። ሰዎቹ የሚሉት ግን ሙሉ በሙሉ ከአየር የመጣ አይደለም። በእናታቸው በኩል ለቫይረሱ ተጋልጠው ግን ሳይያዙ የተወለዱ ልጆች አብዛኞቹ እንደ እኩዮቻቸው ያድጋሉ። በቡድን ሲታዩ ግን በንግግርና በእንቅስቃሴ ጥቂት የመዘግየት ዝንባሌ ታይቷል፤ በደቡብ አፍሪካ የተደረገ ክትትል ለምሳሌ በሁለት ዓመት ዕድሜ በቋንቋ ላይ ልዩነት አግኝቷል። ምክንያቱን በአንድ ነገር ላይ መደፍደፍ ግን አይቻልም። ያለጊዜው መወለድ፣ ዝቅተኛ የልደት ክብደት፣ ተደጋጋሚ ሕመም፣ የእናት ድብርት፣ የቤት ችግርና ጠብ ሁሉም ድርሻ አላቸው።

አሁን ማድረግ ያለብሽ ጆሮውን ማስመርመር ነው። ንግግር የዘገየበት ልጅ ሁሉ፣ ተጋለጠም አልተጋለጠ፣ የሚጀመረው ከዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ይዘለላል። በተደጋጋሚ የጆሮ ሕመም የታመመ ልጅ ከታምቡሩ በስተጀርባ ፈሳሽ ሊያቁር ይችላል፤ ድምፅ ይሰማል፣ ግን ደብዝዞ ነው የሚደርሰው። በር ሲንኳኳ መዞሩ ወይም ሙዚቃ ሲሰማ መወዛወዙ ደህና መስማቱን አያረጋግጥም። ከጆሮው ፈሳሽ ወይም መግል የሚወጣ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቂ።

ቀጥሎ በእጅሽ ሳትጠቁሚና በዓይንሽ ሳታሳዪ «ጫማህን አምጣልኝ» በይው። የሚፈልገውን ነገር በጣቱ ይጠቁማል? አንድ ነገር ሲያስገርመው አንቺም እንድታዪለት ዞር ብሎ ያይሻል? እነዚህ ካሉ የሚረዳው ቋንቋ ከሚናገረው ቀድሞታል ማለት ነው፤ ስጋቱ ይቀንሳል። በ18 ወሩ የማይጠቁም፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ወይም የነበረውን ቃል የተወ ልጅ ግን «ወንድ ልጅ ንግግር ይዘገይበታል» ተብሎ የሚተው አይደለም። ለሕፃናት ሐኪም ይታይ።

በቤት ውስጥ የሚረዳው ደግሞ አነጋገርሽ ነው። በኡጋንዳ ለቫይረሱ ለተጋለጡ ልጆች አሳዳጊዎች የተሰጠ አንድ ሥልጠና የዕለት ሥራን በአምስት ነገሮች ይመራል፤ የልጁን ትኩረት መያዝ፣ ለነገሩ ስምና ስሜት መስጠት፣ ማስፋት፣ ማበረታታት፣ ሥራውን በቅደም ተከተል ማስያዝ። በልጆቹ ላይ የታየው ውጤት ከጥናት ጥናት ይለያያል፤ አሳዳጊዎቹ ከልጆቹ ጋር የሚውሉበት መንገድ ግን ተሻሽሏል። ካልሲ ስታለብሺው እንየው። ካልሲውን ወደ ፊትሽ አስጠግተሽ ዓይኑ እስኪያርፍበት ትቆያለሽ። «ካልሲ! ቀይ ካልሲ» ትይዋለሽ። ጣቶቹ ላይ አሻሽተሽ «ለስላሳ ነው፤ ትናንት ረጥቦ ነበር፣ አሁን ደረቀ» ትይዋለሽ። ከዚያ ዝም ትያለሽ፤ ከ5 እስከ 10 ሴኮንድ። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ መልሱን ሲያሰላስል እነሱ ሌላ ቃል ይደርቡበታል። «ካ» ካለ ቃል እንደ ተናገረ ቆጥረሽ «አዎ፣ ካልሲ! እግርህ ገባ» ብለሽ ታሰፊለታለሽ። እግሩን ራሱ ሲያነሣ «ጎበዝ» ብቻ ሳይሆን «ጎበዝ፣ እግርህን አነሣህልኝ» ይባላል፤ ምኑ እንደተወደደለት ይወቅ። «ይሄ ምንድን ነው? በል! በል!» የሚለው ፈተና ግን ልጁን ዝም ያሰኘዋል። በጣም በምትችይው ቋንቋ አናግሪው፤ ያልተመቸሽን ቋንቋ ለእሱ ብለሽ አትጀምሪ።

ጥያቄ፦ ስልክ ላይ የሕፃናት መዝሙር ብንከፍትለት ቋንቋ አይለምድም? የ14 ወር ልጅ ነው።

መልስ፦ አይለምድም፤ ስልኩ አይመልስለትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስክሪን እንዳይሰጥ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉትም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። መዝሙሩን እናንተው ዘምሩለት፤ ድምፃችሁ ባያምርም ግድ የለም።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ ሰባት ወሩ ነው። እናቱ ሥራ ስትሄድ ቀኑን ከእኔ ጋር ይውላል፣ ማታ ታጠባዋለች። የመጀመሪያው ምርመራው ነፃ ነው ተብሏል። ታዲያ ሽሮፑን ለምን አልተውም? ነርሷ ደግሞ በየቀጠሮው ጭንቅላቱን በሜትር ትለካዋለች፤ ምን ፈልጋ ነው?

መልስ፦ እናታችን፣ ሽሮፑን አያቋርጡ። ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው ይህ መድኃኒት ሕፃኑን ከሳንባ ምችና ከሌሎች ኢንፌክሽኖች ይጠብቀዋል። ሕፃኑ እስከ ጠባ ድረስ የመተላለፍ ዕድሉ፣ ትንሽም ቢሆን፣ አልተዘጋም። ስለዚህ በ9 ወሩ ይመረመራል፣ ጡት ከጣለ በኋላም የመጨረሻው ምርመራ አለ፤ ሽሮፑ የሚቆመው ያ ሲታወቅ ነው። ከመስጠትዎ በፊት ጠርሙሱን በደንብ ይነቅንቁት፤ መድኃኒቱ ሥር ይዘቅጣል፣ ያልተነቀነቀ ጠርሙስ መጀመሪያ ቀጭን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የበዛ መድኃኒት ይሰጣል። በማንኪያ በግምት ሳይሆን አብሮ በተሰጠው መለኪያ ይስጡት።

ነርሷ የምትከታተለው የአንጎሉን እድገት ነው። አንጎል በመጀመሪያው ዓመት መጠኑ እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ የራስ ቅሉም እየተከተለው ይሰፋል። ሲወለድ 34 ወይም 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ የነበረው ዙሪያ በዓመቱ 45 ወይም 46 ይደርሳል። ሜትሩ ከፊት ከቅንድብ በላይ፣ ከኋላ ደግሞ በጣም ወጣ ባለው የራስ ቅል አጥንት ላይ ያልፋል። ሦስት ጊዜ ተለክቶ ትልቁ ይጻፋል፤ የተሠራ ፀጉር ካለ ይፈታል፣ አለዚያ ልኬቱ ይዋሻል። አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። የሚታየው በእድገት መከታተያ ካርዱ ላይ ያለው መስመር ነው፤ መስመሩ ከወር ወር ሳይነሣ ተኝቶ ከቀረ ወይም በድንገት ሽቅብ ከተኮሰ ምርመራ ያስፈልገዋል። ካርዱን ያሳዩኝ ብለው ይጠይቁ፣ መብትዎ ነው።

ቀን ቀን በሆዱ ያስተኙት፤ ነቅቶና እርስዎ እያዩት፣ በጥቂት በጥቂቱ በድምሩ ግማሽ ሰዓት ያህል። ለመተኛት ግን በጀርባው ነው። ብዙ ሕፃናት ያለ ድጋፍ የሚቀመጡት ከ4 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ ስለሆነ ገና ካልተቀመጠ አይደንግጡ። ያለጊዜው የተወለደ ከሆነ የቀሩት ሳምንታት ከዕድሜው ይቀነሳሉ። ምግቡን ግን ቸል አይበሉ፤ ከስድስት ወር በኋላ ጡት ብቻውን ብረት አይበቃውም፣ የብረት እጥረት ደግሞ አንጎልን ያዘገያል። በደንብ የበሰለና የላመ ሥጋ፣ እንቁላል ወይም ጥራጥሬ በየቀኑ ይግባበት። ቀጭን ሾርባ ሆድ ይሞላል እንጂ አይመግብም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከወለደች ሦስት ወሯ ነው። ሕፃኗ ስትተኛ እንኳ እሷ አትተኛም፣ አታወራም፣ ሕፃኗን ታጠባለች እንጂ ፊቷን አታይም። መድኃኒቷን አንዳንድ ቀን ትረሳለች። ልቆጣት ወይስ ልተዋት?

መልስ፦ ወንድማችን፣ አትቆጣት፣ አትተዋትም። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ እንዲህ ያለ ሁኔታ ድብርት ሊሆን ይችላል፤ ድብርት ደግሞ የሚታከም ሕመም ነው። ሕፃን የሚማረው ፈገግ ብሎ ፈገግታ ሲመለስለት፣ ድምፅ አውጥቶ ሲመለስለት ስለሆነ የእናትየው ዝምታ ልጅቷንም ይነካል። የባሰው መድኃኒቱ መዘለሉ ነው፤ ቫይረሱ ተመልሶ ሲበዛ በጡት ወተት የመተላለፍ ዕድሉም ይጨምራል።

በዚህ ሳምንት አብረሃት ወደ መድኃኒት መውሰጃ ክፍሉ ሂድ። ስንት ቀን እንዳመለጣት፣ ከመቼ ጀምሮ እንቅልፍ እንዳጣች በወረቀት ጽፈህ ያዝ። የምትወስደውን መድኃኒት ስም አሳያቸው፤ ኢፋቪሬንዝ የተባለው ራሱ ድብርትና እንቅልፍ ማጣት ሊያመጣ ይችላል፣ ዶሉቴግራቪርም የአንዳንዱን ሰው እንቅልፍ ስለሚነካ ጠዋት እንዲወሰድ ይደረጋል። በራሳችሁ ግን አትቀይሩ፣ ጡትም በድንገት አታስጥሉ። የእናትየው የቫይረስ መጠን እንዲለካ፣ ሕፃኗም ቫይረሱን ራሱን በሚፈልገው የፒ ሲ አር ምርመራ እንድትመረመርና ተጨማሪ መከላከያ ያስፈልጋት እንደሆነ ጠይቅ።

ቤት ውስጥ የመድኃኒቱን ሰዓት በስልክህ ደወል ያዝ፤ ውሃውን ራስህ አቅርብላት። ሌሊት ሕፃኗን አንሥተህ ለመጥባት ብቻ ስጣት፣ ከዚያ ማስገሳቱና ማስተኛቱ የአንተ ይሁን። በቀን ሁለት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ ልጅቷን ደረትህ ላይ ይዘህ ፊት ለፊት አውራት፤ ድምፅ ስታወጣ ድምፁን መልስላት። እናትየው ስለ መሞት ወይም ልጅቷን ስለ መጉዳት አንዲት ቃል እንኳ ከተናገረች ብቻዋን አትተዋት፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዳት።