ከጠበቃ ቢሮ ስለሚመጣው ደብዳቤ፦ ጋዜጠኛ ለመሆን ላሰባችሁ

ውድ ወጣቶች፣

ፍራንክፈርት ተወልዳ ያደገች አንዲት የአገራችን ልጅ በቅርቡ ጻፈችልኝ። ጋዜጠኝነት ለመማር ዩኒቨርሲቲ እንደገባች፣ ወላጆቿ ግን «እኛ ከዚህ ሙያ ሸሽተን ነው የመጣነው» ብለው እንደተቆጧት ከነገረችኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ አውሮፓ ውስጥ እኮ ጋዜጠኛ አይታሰርም፤ ታዲያ ምን ያስፈራል?» ስትል ጠየቀችኝ። በሁለት መስመር ልመልስላት አስቤ ነበር። ጥያቄዋ ግን ለዓመታት ላነሣው ያልፈለግሁትን የማልታ ጉዳይ ስለቀሰቀሰብኝ፣ መልሱን ለእናንተም ለመጻፍ ወሰንሁ።

ወደ ማልታ የሄድሁት ከሊቢያ በጀልባ ተሻግረው እዚያ ስለቀሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ለመዘገብ ነበር። ብዙዎቹ በሐል ፋርና በማርሳ መጠለያዎች ይኖሩ ነበር፤ ማለዳ ማለዳም በማርሳ አደባባይ ዳር ቆመው ለቀን ሥራ የሚወስዳቸውን መኪና ይጠብቁ ነበር። በዚያች ጠባብ ደሴት ላይ ያሮጌው ቢጫ ድንጋይ ቤት እየፈረሰ ፎቅ የሚተካበት ጊዜ ስለነበር ሥራው አልጠፋም፤ የሚጠፋው ክፍያው ነበር። አንደኛው ወጣት በአይብ የተሞላውን የማልታዎቹን ፓስቲዚ ገዝቶ እያካፈለኝ «ሳምቡሳቸው ነው፤ ምስር የለውም እንጂ» ያለኝ ትዝ ይለኛል። ያን ዕለት አብረን የሳቅነውን ሳቅ ከዚያ ወዲያ አብረን አልሳቅነውም።

ይህ ወጣት ከፎቅ መወጣጫ ላይ ወድቆ እጁ ተሰብሯል። አሠሪው ሆስፒታል በር ላይ ካወረደው በኋላ ስልኩን አላነሣለትም፤ የሠራበትንም አልከፈለውም። ከእሱ ጋር የሠሩ ሌሎች ሰዎች ተመሳሳይ ታሪክ ነገሩኝ፤ የሆስፒታል ወረቀት፣ ከአሠሪው ጋር የተለዋወጡትን መልእክትና ፎቶግራፎችንም አሳዩኝ። ለኩባንያው ጥያቄዬን በጽሑፍ ልኬ መልስ አጣሁ። ሌሎቹ ስማቸው እንዳይጠቀስ ሲጠይቁኝ እሱ ግን «ስሜ ካልተጻፈ ማን ያምነኛል?» ብሎ ፈቀደ። ጽሑፉ እኔ በምሠራበት አነስተኛ ጋዜጣ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ለንደን ከሚገኝ የሕግ ቢሮ ደብዳቤ ደረሰን። ደብዳቤው ከጽሑፉ ውስጥ አንድም የተሳሳተ ዐረፍተ ነገር ነቅሶ አላወጣም። የጠየቀው ጽሑፉ እንዲነሣ፣ ይቅርታ እንዲታተምና ካሳ እንዲከፈል ነበር፤ የካሳው መጠን ደግሞ ከጋዜጣችን ዓመታዊ በጀት ይበልጥ ነበር። በመጨረሻም ደብዳቤው ራሱ ምስጢር እንደሆነና እንዳናትመው ያስጠነቅቃል። ዋና አዘጋጃችን ጠበቃ አማከረች። ጠበቃው ማስረጃችን በቂ መሆኑን፣ ነገር ግን በሰው አገር ፍርድ ቤት ለመከራከር የሚያስፈልገው ገንዘብ ፍርዱ ሳይሰጥ ጋዜጣውን ሊዘጋው እንደሚችል ነገራት። «ብናሸንፍም እንዘጋለን» አለችንና ጽሑፉን ከድረ ገጹ አወረደችው። ዓመታት ሙሉ ተቀይሜአታለሁ፤ ዛሬም ፈሪ ነበረች የምልበት ቀን አለ። ሆኖም የሌሎች ዘጋቢዎች ደመወዝ በእጇ የነበረች ሴት ሌላ ምን ታደርግ ነበር ብባል መልስ የለኝም።

የሚቆጨኝ ግን የእሷ ውሳኔ ብቻ አይደለም። ወጣቱ ጽሑፉን በስልኩ ለጓደኞቹ እያሳየ ሰንብቶ ነበርና፣ ገጹ ባዶ ሲሆንበት ደወለልኝ። ውሸት ሆኖ ስለተገኘ የተነሣ የመሰላቸው ሰዎች እንዳሉ ነገረኝ። የደብዳቤውን ነገር ባስረዳውም «ታዲያ እውነት ከሆነ ለምን አወረዳችሁት?» ከማለት አልወጣም። ስሙን አምኖ የሰጠኝ ሰው በሠፈሩ ዋሾ ተብሎ ቀረ፤ እኔ ግን ወደ ብራስልስ ተመልሼ ሌላ ዘገባ ጀመርሁ። ከጊዜ በኋላ ወደ ጣሊያን መሻገሩን ሰማሁ፤ ስልኩ ግን አይሠራም።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 2017 የማልታዋ ጋዜጠኛ ዳፍኔ ካሩአና ጋሊዚያ እዚያው ማልታ፣ ቢድኒያ ከሚገኘው ቤቷ አጠገብ መኪናዋ ላይ በተጠመደ ቦምብ ስትገደል፣ ዓለም ያየው ፍንዳታውን ነው። እኔ ግን ያነበብሁት ስለ ክሶቹ ነበር። በሞተችበት ቀን 47 የስም ማጥፋት ክሶች ተከፍተውባት ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ በአንድ ሚኒስትርና በረዳቱ ጥያቄ የባንክ ሒሳቧ ታግዶ ነበር። ከሞተችም በኋላ ክሶቹ ሁሉ አልተዘጉም፤ በማልታ ሕግ ወደ ወራሾቿ ስለሚተላለፉ ልጆቿና ባሏ ተከሳሽ ሆነው ቀጠሉ። ቦምቡን ካፈነዱት መካከል ሁለት ወንድማማቾች በ2022 ጥፋታቸውን አምነው እያንዳንዳቸው 40 ዓመት ተፈርዶባቸዋል። ከዚያ በፊት በ2021 ሦስት ዳኞች የተሰየሙበት አጣሪ ጉባኤ፣ አጥፊ የማይጠየቅበትን ድባብ በመፍጠሩ መንግሥት ኃላፊነት እንዳለበት ገልጿል። ሰውን በክስ ብዛት ከባልንጀሮቹ ነጥሎ ለብቻው ማቆም ከመንጋ የተለየችን በግ ለጅብ እንደ መተው ነው።

ሌላም መንገድ አለ፤ ገዝቶ ዝም ማሰኘት። በሃንጋሪ ከ1956 ጀምሮ ይታተም የነበረው ኔፕሳባድሻግ የተባለው ጋዜጣ ኦክቶበር 8 ቀን 2016 በድንገት ሲቋረጥ ባለቤቶቹ ያቀረቡት ምክንያት ኪሳራ ነበር። ጋዜጣው በእርግጥም ገንዘብ ያጣ ነበር፤ በዚያው ሰሞን ግን የባለሥልጣናትን ገመና ይዘግብ ነበር፤ አሳታሚው ኩባንያም በዚያው ወር ለገዥው ፓርቲ ቅርብ ወደሆኑ ባለሀብቶች እጅ ገባ። በ2018 ደግሞ ከ470 የሚበልጡ መገናኛ ብዙኃን ባለቤቶቻቸው በነፃ ለአንድ ፋውንዴሽን ሲያስረክቡ፣ መንግሥት ጉዳዩን ብሔራዊ ጥቅም ያለው ብሎ የውድድር ባለሥልጣኑ እንዳይመረምረው አደረገ። በዚህ ሁሉ ውስጥ እስር ቤት የገባ ጋዜጠኛ አልነበረም።

እውነትን ጻፉ፣ ሁለቱንም ወገን ጠይቁ አልላችሁም፤ ያንን አስተማሪዎቻችሁ ይነግሯችኋል። የእናንተ ትውልድ ደፋር ነው፤ ከእኛ ይልቅ ቶሎ ይናገራል። ነገር ግን ስክሪንሾት ማስረጃ ይመስላችኋል፤ ማን፣ መቼ፣ የት እንደነገራችሁ በማስታወሻ ደብተር አትጽፉም። ተከታይ ብዛት ከለላ የሚሆናችሁም ይመስላችኋል። ዳፍኔን በማልታ የማያነባት ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

የአውሮፓ ኅብረት በ2024 እንዲህ ያሉትን አፍ ማስዘጊያ ክሶች የሚመለከት መመሪያ አውጥቷል፤ ብዙዎች በዳፍኔ ስም ይጠሩታል። መሠረት የሌለው ክስ ገና በጅምሩ ውድቅ እንዲሆንና ወጪውን ከሳሹ እንዲከፍል ያስችላል፤ ከኅብረቱ ውጭ የተሰጠ ተመሳሳይ ፍርድም ተፈጻሚ እንዳይሆን ይከላከላል። አባል አገሮች በሕጋቸው እንዲያካትቱት የተሰጣቸው ቀነ ገደብ ሜይ 7 ቀን 2026 ነው። ያኔ ቢኖር ኖሮ ዋና አዘጋጃችን ሌላ መልስ ይኖራት ነበር ብዬ አስባለሁ። ሆኖም መመሪያው የሚያስገድደው ድንበር ተሻጋሪ በሆኑ የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች ብቻ ነው፤ የገዛ ከተማችሁ ከንቲባ እዚያው ከተማ ፍርድ ቤት ቢከሳችሁ የምትጠለሉት አገራችሁ በራሷ ፈቃድ ካወጣችው ሕግ ሥር ነው፤ እሱም ካለ። ስለዚህ የመጀመሪያውን የሥራ ውል ስትፈርሙ፣ ስትከሰሱ ጠበቃ የሚከፍልላችሁ ማን እንደሆነ የሚገልጽ አንቀጽ መኖሩን ከደመወዙ በፊት ጠይቁ፤ ስሙን የሚሰጣችሁን ሰውም ጽሑፉ አንድ ቀን ሊነሣ እንደሚችል አስቀድማችሁ ንገሩት።